በሩን እንዳይከፍቱልኝ ያስተማርሁባቸው ዓመታት

እዚህ ረሆቮት ከተማ፣ ጡረታ የወጣን ሰዎች ጠዋት ጠዋት የምንሰበሰብበት መዋያ ቤት አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ስትሠሪ ኖረሽ ነው ጡረታ የወጣሽ?» ተብሎ ነው። አንዷ ብርቱካን ስታሽግ ኖራለች፣ አንዷ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ፣ አንዷ የሰው ልጅ ስታሳድግ። ተራዬ ሲደርስ «እኔ ሰው ሳታልል ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት» አልሁ። ሳቁ። «በትሉሽ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ማሚት፤ ትሉሽ የምንለው የደመወዝ ወረቀቱን ነው። «አዎን በትሉሽ፤ ስሜን ግን አንድ ወር እንኳ በትክክል ጽፈውት አያውቁም» አልኋት። ከዚያ ወዲህ «አታላይዋ ትርፌ» ሆኜ ቀረሁ። ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሥራው የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ልጅም አስለቅሼበታለሁ። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከጎንደር አዲስ አበባ ወርደን፣ ከዚያ በአውሮፕላን መጥተን፣ ለአዲስ መጪ በሚሰጠው የካራቫን ቤት ሥራ ፈትተን ተቀምጠን ሳለ በካርቶን ላይ ሀሁ እየጻፈ አስጠናኝ። ዕብራይስጡን ደግሞ ከአውቶቡስና ከሱቅ ላይ ለቃቀምሁት። እንግዲህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢዞር ታገሡኝ፤ ወሬ ስጀምር መንገድ የምስት ሴት ነኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ብርቱካን ማሸጊያ ነው። እጄ ፈጣን ነበር፣ ወገቤ ግን እምቢ አለ። ከዚያ ወደ ኒካዮን ገባሁ፣ ወደ ጽዳት ማለቴ ነው፤ የመስታወት ሕንጻዎቹ በበዙበት ሰፈር፣ የሳይንስና የኮምፒውተር ሰዎች በሚውሉበት። አለቃችን ቪክቶር የሚባል ከጆርጂያ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ወለል አይቶ አያውቅም። ሲገባ እጁን አንሥቶ የበሩን አናት በጣቱ ይጠርጋል፣ ጣቱን ያያል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። «ሰው የሚያየውን ማንም ያጸዳዋል» ይለን ነበር። እኔም ሰው የማያየውን ማየት ለመድሁ። ለምን እንደሚጠቅመኝ ያኔ አላወቅሁም።

ሥራዬ የተለወጠው ከእነዚያ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፎቁ ባለቤቶች ሠራተኞቻቸውን የሳይበር ጥቃትን እንዲከላከሉ ያሠለጥኑ ነበር። ነገሩ ያኔ ለብዙ ሰው አዲስ ነበር። ሌባ ከባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ በር ሳይሰብር፣ የድርጅቱን ኮምፒውተር ሁሉ ይቆልፍና «ካልከፈላችሁኝ አልፈታውም» ይላል። ታዲያ እሳት ሳይነሣ እሳት ማጥፋት እንደሚለማመዱት፣ ይህንንም ሳይመጣ በፊት ይለማመዱታል፤ አንድ ክፍል ይቀመጡና «አሁን ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ አሁን ደንበኛ ደወለ፣ አሁን ጋዜጠኛ ደጅ ቆሟል» እየተባሉ ይፈተናሉ።

አሠልጣኟ ኦርና ትባላለች። አጭር፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ስትቆጣ ድምፅዋ የሚወርድ ሴት ናት። ያን ቀን አንድ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ እንግዳ መስሎ ገብቶ የይለፍ ቃል እንዲሰርቅ አዝዛው ነበር። ሰውዬው ከደጃፍ አላለፈም፤ ጥበቃው ያዘው፣ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ በዚያ መሐል ጋሪዬን እየገፋሁ ገብቼ፣ «ይህን ወረቀት ልጣለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ኦርና ተቀብላ አየችው። የይለፍ ቃሎች ከነባለቤቶቻቸው ስም ተጽፈውበታል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከማተሚያው ላይ። ትናንትም እዚያው ነበር።»

«ሌላስ ምን አይተሻል?»

በዚያ ሕንጻ ውስጥ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ የይለፍ ቃሏን ከቁልፎቹ ሰሌዳ ሥር ለጥፋዋለች። የኋላው በር አጫሾቹ እንዳይቆለፍባቸው በታጠፈ ካርቶን ተይዟል። አለቃው ምሳ ሲወጣ ኮምፒውተሩን እንደ በራ ይተወዋል፤ የልጆቹ ፎቶ አለበት፣ ትንሿ ጥርሷ ወልቋል።

ኦርና እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ሱፍ የለበሰውን ሁላችሁም አያችሁት» አለቻቸው፤ «እሷን ግን ማን አያት?»

በማግሥቱ ደውላ «ከእኔ ጋር ሥሪ» አለችኝ። «ሥራው ምንድን ነው?» ስላት «መዋሸት» አለችኝ።

«እኔ ልጆቼን እንዳይዋሹ ገርፌ ያሳደግሁ ሴት ነኝ።»

«እንግዲያውስ ውሸት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ» አለች።

እንዲህ ነው የገባሁት።

ኦርና ሥራ ያስተማረችኝ በመናገር አይደለም፣ ሲያዩዋት ነው የሚማሩት። ልምምድ ያለ ቀን አንድ ሰዓት ቀድማ ትደርስና በክፍሉ ባለው ወንበር ሁሉ ላይ ተራ በተራ ትቀመጣለች። «ከዚህ ሆኖ በሩ አይታይም፤ እዚህ የሚቀመጠው ሰው ሲደነግጥ ስልኩን ነው የሚያየው» ትላለች። በልምምዱ መሐል «አሁን ይህ ሆነ» ብላ የምትሰጣቸውን ካርዶች በእርሳስ ነው የምትጽፈው። ለምን በኮምፒውተር አትጽፊም ብላት፣ «ኮምፒውተር ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የማስተምረው እኔ፣ ትምህርቱን እዚያው ውስጥ ልቆልፈው?» አለችኝ። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ «ማን ነው ያጠፋው?» አትልም፤ ሌላም ሰው እንዲል አትፈቅድም። ከዚያ ምሳዋን ይዛ ሄዳ ያን ቀን ከተሳሳተው ሰው ጋር ትበላለች። ስለ ስሕተቱ አያወሩም። ስለ ልጆች፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ። ሰውዬው ከዚያ ምሳ ቀና ብሎ ነው የሚነሣው።

የእኔ ፋንታ ሌባውን መሆን ነው። አንዳንዱን ከእሷ፣ አንዳንዱን ከራሴ ተማርሁ። ሁለት እጅሽን ሙሉ አድርገሽ ከሄድሽ ሰው ሮጦ በር ይከፍትልሻል፤ ስለዚህ ትሪ ኬክ እይዛለሁ። በስልክ ስታታልዪ አትቸኩዪ፤ ዝም ስትዪ ዝምታው ያስጨንቀውና ሰውዬው ራሱ ያልጠየቅሽውን ይነግርሻል። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ለምኝ፣ ውኃ፣ ወንበር። ውኃ የሰጠሽ ሰው ሌላውን ለመከልከል ያፍራል። ውሸቱም ትንሽ ይሁን፤ ጉልበቴን ያመኛል ስል እውነቴን ነው፣ እግሬ ብቻውን ይመሰክርልኛል።

ሌባ ብቻም አልነበርሁም። አንድ ጊዜ የመስኖ ቱቦ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ፣ ኦርና «ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፉ» የሚለውን ካርድ አወጣች። አለቃው «ደንበኞቻችንን ደውለን እናስጠንቅቅ» አለ። ጥሩ ነው። ቁጥሮቹ የት አሉ? ኮምፒውተር ውስጥ። ስምንት የተማሩ ሰዎች ተያዩ። ከጥግ የነበረ አንድ ያረጀ የመጋዘን ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገና የሃያ ደንበኛ ስልክ በቃሉ አወረደው። እኔ አልገረመኝም። ያልተማረ ሰው ራሱ ነው መዝገቡ፤ እኔም የልጆቼን፣ የልጅ ልጆቼን፣ የጎረቤቶቼን ቁጥር ሁሉ በቃሌ ነው የምይዘው። ይህን ለኦርና ስነግራት በየሄድንበት ድርጅት በወረቀት የተጻፈ የስልክ ደብተር እንዲኖር ማዘዝ ጀመረች። የኔ ሐሳብ ነው፤ ትንሽ ልኩራበት።

ኩራት ካልሁ ዘንድ፣ ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

ወደ ቤኤር ያዕቆብ በሚወስደው መንገድ ላይ ለክሊኒኮች መርፌና መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። የዚያን ቤት ኮምፒውተር ሌባ ቢቆልፈው የታመመ ሰው መድኃኒቱን ያጣል፤ ስለዚህ ልምምዱ የቀልድ አልነበረም። የኔ ሥራ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ገብቼ በትልቁ ማሽን ላይ ቀይ ወረቀት መለጠፍ ነው። እሱ ሲለጠፍ ኦርና ፎቅ ላይ ለተሰበሰቡት ኃላፊዎች «ሁሉም ተቆልፏል» የሚለውን ካርድ ትሰጣቸዋለች።

እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው የእኛው ወገን ልጅ ናት። ያኤል ትባላለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ ከወታደር ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት። ሥራውን ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ በሦስተኛው ወር ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። ኬኬን ይዤ ገባሁ። ተነሥታ ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና በዕብራይስጥ «ስምሽ ከዝርዝሩ የለም፣ አላስገባሽም» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ወጣሁ። በስልክ እዚያ የሚሠራ የአንድ መሐንዲስ እናት ነኝ፣ ልጄን አገናኚኝ ብዬ ደወልሁ። «መልሶ ይደውልልሻል» ብላ ዘጋችው።

እዚህ ላይ ወደ ፎቅ ወጥቼ «ይህች ልጅ ጎበዝ ናት» ብዬ ለኦርና መንገር ነበረብኝ። እሱም የልምምድ ውጤት ነው፤ ኦርና ከሁሉም በላይ የምትወደው ውጤት። እኔ ግን በዚያ ዓመት አንድ በር እንኳ አልተዘጋብኝም ነበር። እልህ ያዘኝ። ትሪዬን ትቼ ባዶ እጄን ተመለስሁና በአማርኛ ጀመርሁ።

«ደኅና ዋልሽ ልጄ?»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «ደኅና ዋሉ እማማ። አማርኛዬ ትንሽ ነው፣ ይቅርታ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የካሳ።»

«ካሳ የማን?»

«ካሳ ፈረደ።»

«ፈረደስ የማን? አገራችሁ የት ነው?»

«ፈረደ ተገኘ። ወገራ ነው የሚሉት።»

ሌላ ሰው ቢሰማው ተራ ሰላምታ ይመስለዋል። እኛ ግን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ልጆቻችን ፊደል ባይለዩም፣ አገሩን በዓይናቸው ባያዩም፣ የአባቶቻቸውን ስም እንዲደረድሩ አስጠንተናቸዋል። አንድ ዘመድ ተገኘ ማለት አንድ ቤት ተጨመረ፣ ልጆችም እንዳይጋቡ ተከለከሉ ማለት ነው። በዚህ አይቀለድም። እኔ ቀለድሁበት።

«ተገኘ! እኔ እኮ የተገኘ የወንድሙ ልጅ ነኝ! አባትሽን ካሳን በጀርባዬ አዝዬዋለሁ!»

ልጅቱ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። ዛሬም ሲያመኝ እሱ ትዝ ይለኛል።

«ልጄ፣ ትናንት ሳጸዳ ቦርሳዬን እዚያ ክፍል ረስቼው፤ የስኳር መድኃኒቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ክፈቺልኝ።»

በሩን አየች፣ እኔን አየች። «እማማ፣ አይፈቀድም እኮ» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

«ለአባትሽ አክስት?»

ከፈተችልኝ። ቀዩን ወረቀት ለጥፌ ስወጣ ስልክ ላይ ነበረች፤ «አባ! ማንን እንዳገኘሁ አታምንም!» ትላለች።

ፎቅ ላይ ኦርና የለችም። ከድርጅቱ ባለቤት ስልክ ተደውሎላት ወጥታ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጊዲ፣ ችኩል ሰው ነው፣ እሷን ሳይጠብቅ ግምገማውን ጀመረው። ያኤልንም አስጠራት። «ማን ነው የከፈተው?» አለ፤ ኦርና ብትኖር አፉን ታስይዘው ነበር። ያኤል መሆኗን ሲሰማ፣ «ለራሷ ሰው ከፈተች። እነሱ እርስ በርሳቸው እምቢ አይባባሉም» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። «በወሩ መጨረሻ እንለያያለን፤ መቀበያ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አላስቀምጥም።»

ያኤል እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

«አክስቴ አይደሉም?»

«አይደለሁም ልጄ። ሥራ ነው።»

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለች። የአንገቷን መታወቂያ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ሄደች።

በዚያ ቀን ኦርና ምሳዋን የበላችው ከእኔ ጋር ነው። ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝ። እንደ ልማዷ ስለ ቲማቲም እንድታወራ ጠበቅኋት። አላወራችም።

«ሌባም እንዲህ ማድረግ ይችላል» አልኋት በመጨረሻ። «አማርኛ የሚችል ሌባ የለም ያለው ማን ነው?»

«ይችላል» አለች። ድምፅዋ ወርዷል። «ግን ሌባ ሰርቆ ይሄዳል። እኛ ነገ ተመልሰን ከዚህች ልጅ ጋር እንሠራለን። ልዩነታችን ይኸው ብቻ ነው ትርፌ፣ ሌላ የለንም።»

ተነሣሁ። «ወዴት?» አለችኝ። «ወደ ጊዲ» አልኋት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው አቀናዋለሁ።»

ጊዲ ቢሮ ሁለታችንም ገባን። አንድ ልምምድ ይጨመር አልነው፤ በዚሁ ወር፣ ያኤል ቀኑን ሳታውቀው። «ከከፈተች?» አለ። «ከከፈተች አሰናብታት፤ እኔም ሁለተኛ እዚህ አልመጣም።» ትከሻውን ነቀነቀና «ቤሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው።

ከጊዲ ጋር ቀላል ነበር። የካሳ ቤት ግን አለ። አገራችን ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው እወድቅ ነበር፤ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱም ተበላሽቷል። በየደረጃው እያረፍሁ፣ ራሴን ብቻ ተሸክሜ ወጣሁ። የከፈተልኝ ካሳ ነው፣ ግራጫ ጺም ያለው፣ የጋራዥ ልብሱን ያላወለቀ።

«ትርፌ የምባለው እኔ ነኝ» አልሁት። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

«አክስቴ መጡ!» አለ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ። «አዝዬሃለሁ ብለዋል አሉ፤ እስቲ ዛሬም ይዘሉኛ!»

«ጀርባዬ ቢችልህ ወንድሜ፣ በዚህ ጉልበቴ እንኳ አዝልህ ነበር።»

አልሳቀም፤ ነገር ግን ወንበር ሳበልኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት፣ ምንም አልደበቅሁም። ሰማኝና፣ «ለእኅቴ ደውዬ አክስት አገኘን ብያት ነበር» አለ። «አለቀሰች። ከወገራ የቀረ ሽማግሌ የለንም፤ ስለ አባታችን የሚነግረን ሰው የለም። መልሼ ደውዬ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። እትዬ፣ በሥራዎ ሰው ያታልሉ፣ ምን ቸገረኝ። በአባቴ ስም ግን?»

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ፤ «ተዉ፣ ተዉ፣ ይቅር ብያለሁ። እሷን ይጠይቋት» አለ።

ያኤል በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ይቅር አላለችኝም፣ ጠየቀችኝ እንጂ። «ምን ማድረግ ነበረብኝ? ለሽማግሌ አይቻልም ልበል? አባ፣ ከትንሽነቴ ጀምረህ ሽማግሌ ሲያዝሽ እሺ በዪ አላልኸኝም? እዚያ ደግሞ እሺ ስል ያባርሩኛል። የቱን ልሁን?»

ካሳ ጺሙን እያሻሸ፣ «እናቴ እንዴት ታደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አላት። «አባቴ በሌለበት ሽማግሌ መጥቶ በሬ አውሱኝ፣ እህል አበድሩኝ ቢላት፣ እሺም እምቢም አትልም። ታስቀምጠዋለች። ውኃ ትሰጠዋለች። ‹ከኔ የሚበልጥ ልጥራ› ብላ ሰው ትልካለች። አባቴ እስኪመጣ በሬው ከበረት አይወጣም፤ ሽማግሌውም ተዋረድሁ አይልም። እሺ በዪ ያልሁሽ እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልነግርሽ የቀረሁትም እኔው ነኝ።»

እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት አለቃ፣ ስንት ወፍራም መመሪያ አየሁ! እንዲህ ያለ መመሪያ አላየሁም። ለኦርና ደውዬ ቃል በቃል ነገርኋት፤ እርሳሷ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማኛል። አስቀምጥ፣ ውኃ ስጥ፣ የሚበልጥህን ጥራ፤ የምትጠራው ሰው ደግሞ ፊትህ ከቆመው ሰው ሌላ ይሁን። በኋላ በየድርጅቱ አስተማርነው፤ ከሩሲያ የመጡትም፣ ከሞሮኮ የመጡትም ወደዱት፣ ሁሉም አያት አለውና። በያኤል ድርጅትም የኮምፒውተሮቹ ክፍል የሚከፈተው የክፍሉ ኃላፊ ሰርጌይ ራሱ ሲመጣ ብቻ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ጊዲ ፈረመበት።

ያኤል ግን ገና እመለሳለሁ አላለችም ነበር። ከቤታቸው ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ።

«ብመለስ እዚያ ያሉት በምን ዓይን ነው የሚያዩኝ?»

«መጀመሪያ በክፉ ዓይን» አልኋት። አልዋሸኋትም።

ከንፈሯን ነከሰች። «እመለሳለሁ። ግን የሚመጡት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፣ ሌላ ሰው አይላኩብኝ። ለእርስዎ ካልከፈትሁ ለማንም አልከፍትም።»

ሁለት ሳምንት ቆየሁና ሄድሁ። ከበረሃ ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ቀን ነበር፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስክደርስ ልብሴ በላብ ረጠበ። ጊዲ ከደረጃው ላይ ሆኖ እንደሚያይ አውቃለሁ። ልራራላት አልመጣሁም። ከራራሁላት፣ ደግሜ አታለልኋት ማለት ነው።

«ያኤል ልጄ፣ ቃጠሎው ገደለኝ። ሰርጌይ ክፍሉን እንዳጸዳ ጠርቶኛል፤ ክፈቺልኝ።»

ብድግ አለች። «ደኅና ዋሉ እማማ። ይቀመጡ።» ወንበሩን ራሷ አምጥታ ከአየር ማቀዝቀዣው ፊት አኖረችልኝ። ውኃ በብርጭቆ ሰጠችኝ። «ሰርጌይን ልጥራልዎ።» ደወለች። ሰርጌይ ሌላ መጋዘን ነው ያለው፤ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ።

«አርባ ደቂቃ! በዚህ ጉልበቴ?»

«ሌላ ወንበር ላምጣ፣ እግርዎን ይዘርጉ።» አመጣች።

«ቤታችሁ ገብቼ ከአባትሽ ጋር ታርቄ የለም እንዴ? ዛሬስ ማን ነሽ ትይኛለሽ?»

«አውቅዎታለሁ እማማ።»

«ሳላጸዳ ብመለስ ከሥራ ያባርሩኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ብርጭቆዬን ልትሞላ ስትል ውኃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ተንበርክካ ጠረገችልኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ግን አላቆምሁም። «አያትሽ ብሆን ደጅ ታስቀምጪኝ ነበር?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አያቴ ቢሆኑ ምሳዬን ሰጥቼ አስቀምጥዎት ነበር። ይኸው ምሳዬ። በሩን የሚከፍተው እየመጣ ነው።» ከጠረጴዛዋ ሥር ምሳዋን አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው።

ይህን ጊዜ ጊዲ ከደረጃው ወረደ። «ያላ፣ በይ፣ ይበቃል» አላት በዕብራይስጥ። «ልምምዱ አልቋል። አልፈሻል። አሁን ክፈቺላት፤ ቀዩን ወረቀት ለጥፋ ለኦርና ታሳያት፣ ሥራም አለብኝ።»

ይህንን አልተነጋገርንበትም ነበር።

ያኤል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሰርጌይ ሲመጣ ይከፈታል።»

«እኔ ሥራ አስኪያጁ ነኝ።»

«አዎን። ወረቀቱን የፈረምኸው አንተ ነህ።» እግሬን የዘረጋሁበትን ወንበር አየች፤ እኔ እግሬን ሰበሰብሁ። ወንበሩን ወደ እሱ አዞረችው፣ ሌላ ብርጭቆ ሞላች። «ተቀመጥ። ውኃ ጠጣ።»

ጊዲ በሩን አየ፣ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየኝ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ። ምሳዋን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት፤ በእጁ ምልክት ተዪው አለኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አልሁት፤ «እኔም ዛሬ ነው የተያዝሁት።»

ውኃውን ጨለጠና ከመቀመጫው ተነሣ። «ያኤል» አላት፣ «የቋሚ ሠራተኛ ወረቀትሽን ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።»

«ቤሰደር፣ አመሰግናለሁ» አለችው። «አሁን ግን ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።